ክሎድ ማኬይ፦ ከጃማይካ ኮረብታ ተነሥቶ ለማንም ሳይገዛ የኖረ ስደተኛ ገጣሚ

ጎሕ ጻፈ፦

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የክሎድ ማኬይ ስም በመካከላችን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በ1919 ከታተመው «መሞታችን ካልቀረ» ከተሰኘው ግጥሙ ጋር ብቻ ነው። (ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ግጥሙ ይህን ያህል መታወቁ ይገባዋል፤ ይሁንና የቀረውን ሥራውንና ሰውየውን ራሱን ስለጋረደብን፣ ስለ ሕይወቱ በሰፊው ብንወያይ መልካም መስሎ ታየኝ።

ግጥሙን በመጀመሪያ የሰሙት የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። ማኬይ በዚያን ጊዜ በፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ የምግብ ፉርጎ ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። በዚያ ዓመት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በመንጋ እየወጡ በጥቁሮች ላይ ይዘምቱ ስለነበር፣ ባልደረቦቹ ባቡሩ ሲቆም እንደ ልማዳቸው ወደ መጠጥና ወደ ቁማር ቤት መበታተናቸውን ትተው፣ አንዳንዶቹም መሣሪያ ይዘው፣ ከጣቢያው እስከ ማደሪያቸው አብረው ይሄዱ ጀመር። ግጥሙን ያነበበላቸው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሳሉ ነው። በ1937 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ለሥራ ባልደረቦቹ ያነበበው ግጥም እርሱ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ግድየለሽ የነበረው አራተኛው አስተናጋጅ እንኳ ሰምቶ አለቀሰ።

ፌስተስ ክላውዲየስ ማኬይ በ1889 (አንዳንዶች በ1890 ይላሉ) በጃማይካ፣ በክላረንደን አውራጃ ኮረብታዎች ላይ በምትገኝ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ የራሳቸው መሬት ያላቸው ብርቱ ገበሬዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ዩሪያ ቴዎዶር መምህር ስለነበር ልጁን ወስዶ አስተማረው፤ ከመጻሕፍት ጋር ያስተዋወቀውም እርሱ ነው። ኋላ ደግሞ ዋልተር ጄኪል የተባለ፣ የጃማይካን ተረትና ዜማ ይሰበስብ የነበረ እንግሊዛዊ አገኘውና በአገሩ ሕዝብ አነጋገር እንዲገጥም አደፋፈረው። በ1912 ሁለት መድበሎች አከታትሎ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት እርሻ ሊማር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በአላባማው የተስኪጊ ተቋም ጥቂት ቆይቶ ወደ ካንሳስ፣ በ1914 ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያም ትዳር መሠረተ፣ ምግብ ቤትም ከፈተ፤ ሁለቱም አልዘለቁለትም። ባለቤቱ ወደ ጃማይካ ተመልሳ ሴት ልጁን ወለደች። ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ሞስኮ፣ ፓሪስ፣ ማርሴይ፣ ታንጀር እያለ ኖረ እንጂ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1948 ድረስ አገሩን ዳግመኛ አላያትም። «እመለሳለሁ» እያለ የሚምል ግጥም ጽፎ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው።

እኔ እንደምረዳው፣ ማኬይን ከዘመኑ ጸሐፊዎች የሚለየው ያበረታታው፣ ያስጠጋው ወይም ያሞገሰው ወገን በድምፁ ላይ እንዲያዝ አለመፍቀዱ ነው። ለዚህም ብዙ ከፍሎበታል። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

ስንኝ ቋጣሪ ጻፈ፦

ወንድማችን ጎሕ፣ ርእሱን ስላነሣኸው አመሰግናለሁ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ማኬይ ለማንም አልተገዛም ካልን፣ የመጀመሪያውን ድምፁን ለምን እንደተወ መጠየቅ ይኖርብናል።

በ1912 ካሳተማቸው ግጥሞች አንዱ የጃማይካ ገበሬ ለነጩ ሰውዬ የሚናገረው ነው። «ስኳር ድንቹን ቀምሰህ ጣፋጭ ነው ትላለህ፤ እኛ ምን ያህል እንደለፋንበት ግን አታውቅም» ይለዋል። በዚህ ግጥም ውስጥ ላቡ፣ ቁልቁለቱ፣ የገበያው ዋጋ ሁሉ ተናጋሪው ራሱ በሚናገርበት አንደበት ቀርቧል። ሁለተኛው መድበል ደግሞ በፖሊስነት ካገለገለበት ጊዜ የተገኘ ነው። ከአንድ ዓመት ያነሰ ቆይቶ ሥራውን የለቀቀ ሲሆን፣ በመግቢያው ላይ ለጥሩ ፖሊስነት የሚሆን ነገር እንደሌለውና ለጥፋተኞች ያለልክ እንደሚያዝን በግልጽ ጽፏል። እንዲህ ያለ ድምፅ የነበረው ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ የአገሩን አነጋገር ትቶ የሼክስፒርን ሶኔት፣ ማለት ባለ አሥራ አራት ስንኙን ግጥም፣ ያዘ። የቅኝ ገዢው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ቅርጽ እኮ ነው! እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉዳት እቆጥረዋለሁ።

ወለተ ጥበብ ጻፈች፦

የስንኝ ቋጣሪን ቁጭት እረዳለሁ፤ የጃማይካዎቹ ግጥሞች በሚገባቸው መጠን አለመነበባቸውም እውነት ነው። ነገር ግን በሕዝቡ አነጋገር እንዲጽፍ የገፋፋው እንግሊዛዊ ባላባት መሆኑን መርሳት የለብንም። ማኬይ ራሱ በመጀመሪያ በመደበኛው እንግሊዝኛ ይገጥም ነበር፤ በአነጋገሩ ሲጽፍ ደግሞ ጄኪል ለእንግሊዛውያን አንባቢዎች የግርጌ ማብራሪያ ይጨምርለት ነበር። ስለዚህ አንዱ ንጹሕ የራሱ፣ ሌላው የባዕድ ብለን ልንከፍላቸው አንችልም።

ስለ ሶኔቱም ቢሆን ወደ ግጥሙ ቀርበን እንመልከት። «መሞታችን ካልቀረ» በመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች የሚያሳየን የተዋረደ ሞትን ነው፤ የታደኑና የተከበቡ አሳማዎች፣ በዙሪያቸው የሚጮኹ ያበዱና የተራቡ ውሾች። ቀጣዮቹ አራቱ በክብር መሞትን ያነሡና፣ ያ ከሆነ ጨካኞቹ እንኳ ሙታንን ለማክበር እንደሚገደዱ ይናገራሉ። በዘጠነኛው ስንኝ ግጥሙ ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወገኖቼ ሆይ!» ብሎ ይጣራል። እስከዚያ ድረስ ማንንም በስም አልጠራም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ደግሞ አንድ ቤት መትተው፣ ጀርባቸው ግድግዳ ነክቶ እየሞቱም የሚመክቱ ሰዎችን ያቆሙልናል። እንግዲህ ይህን ቁጣ ያለዚያ ጠባብ አጥር ብትለቁት ጩኸት ሆኖ ይበተን ነበር። ኃይሉ የመጣው ከመታሠሩ ነው። በአሥራ አራቱ ስንኞች ውስጥ «ጥቁር» ወይም «ነጭ» የሚል ቃል አለመኖሩንም ልብ በሉ።

ስለ ስደቱ ደግሞ በ1920 የወጣውንና «የቆላው ፍሬ በኒው ዮርክ» ልንለው የምንችለውን አጭር ግጥም አንብቡ። በመጀመሪያዎቹ ስንኞች ሰው የለም፤ የበሰለና ያልበሰለ ሙዝ፣ ዝንጅብል፣ ካካዎ ከነልባሱ፣ አቮካዶ፣ መንደሪን፣ ማንጎ እየተደረደረ ይሄዳል። ከዚያ ፍሬዎቹ በሱቅ መስኮት ላይ መሆናቸውን እንረዳለን፤ የመንደሩ ጅረት፣ ጤዛ ያረፈበት ንጋት፣ ኮረብታው ይከተላል። ተናጋሪው ራሱ ብቅ የሚለው በሦስተኛው አንጓ ነው፤ በዚያን ጊዜም ዐይኑ ፈዝዞ ማየት ተስኖታል። ፍሬው እጁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ነው፤ የራበው ግን የለመደው ኑሮ ስለሆነ ፊቱን ዞር አድርጎ ያለቅሳል። በሰው አገር የኖረ ሁሉ ይህን ግጥም ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

የሽሬ መንገደኛ ጻፈ፦

እኅቴ ወለተ ጥበብ፣ ስለ ትንታኔው እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «መሞታችን ካልቀረ»ን በምክር ቤት ፊት አንብቦታል ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነውን? ግጥሙስ የተጻፈው ስለ ቺካጎው እልቂት ነው የሚባለው ልክ ነውን?

የመጻሕፍት ወዳጅ ጻፈ፦

የቸርችል ነገር ከአፍ ወደ አፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ የኖረ ወሬ ነው፤ የሚያረጋግጠው መዝገብ ተፈልጎ አልተገኘም። ቺካጎን በተመለከተ ግጥሙ የወጣው ማክስ ኢስትማን ያዘጋጀው በነበረው «ሊበሬተር» መጽሔት የሐምሌ 1919 እትም ላይ ነው። የቺካጎው ግጭት የጀመረው ሐምሌ 27 ቀን ሲሆን፣ መነሻው አንድ ጥቁር ወጣት በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ነጮች የእኛ ነው ወደሚሉት ዳርቻ በመጠጋቱ ድንጋይ ተወርውሮበት መስጠሙ ነው። 38 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ግጥሙ ቺካጎን ቀድሞታል፤ የተጻፈው ከዚያ በፊት በሌሎች ከተሞች በደረሰው ግፍ ምክንያት ነው።

የተረጋገጠና ከቸርችሉ ወሬ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ታሪክ አለ። በመስከረም 1971 በኒው ዮርክ ግዛት የአቲካ እስር ቤት እስረኞች ባመፁ ጊዜ ይህ ግጥም በመካከላቸው ተገኘ። «ታይም» መጽሔትም ያልታወቀ እስረኛ የጻፈው መስሎት ዘገበ። ገጣሚዋ ግዌንዶሊን ብሩክስ ስሕተቱን ያረመች ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ማኬይ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ሌላም ልጨምር። በ1920 ለንደን ላይ ያሳተመው መድበል ይህን ግጥም አልያዘም፤ እንዲተወው መክረውት ነበርና። ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ የመጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፍራንክ ሃሪስ ይህን አይቶ ወገንህን ከዳህ ብሎ ክፉኛ ወቀሰው። ወቀሳው በማኬይ ላይ ስለከበደ በ1922 «የሐርለም ጥላዎች» የተባለውን (ሐርለም የኒው ዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ነው) ትልቁን መድበሉን ሲያሳትም ግጥሙን አስገባው።

ጎሕ ጻፈ፦

ለንደን ከተነሣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚቀርበንን ነገር ላንሣ። ማኬይ በ1920 የሠራው «ወርከርስ ድሬድኖት» በተባለው ጋዜጣ ሲሆን፣ የጋዜጣው ባለቤትና አዘጋጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረች። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘች ጊዜ በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»ን ያቋቋመችው፣ በስተእርጅናዋ አዲስ አበባ መጥታ የኖረችውና በ1960 ስታርፍ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው እርሷው ናት።

የተገናኙትም በምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ኢ. ዲ. ሞረል የተባለው ታዋቂ ጸሐፊ ፈረንሳይ በጀርመን ምድር ስላሰፈረቻቸው አፍሪካውያን ወታደሮች ዘርን የሚያዋርድ ጽሑፍ በ«ዴይሊ ሄራልድ» ላይ አወጣ። ማኬይ የላከውን መልስ ጋዜጣው አላትምም አለ፤ ያተመችው ሲልቪያ ናት። የዚያኑ ዓመት በጥቅምት፣ ጋዜጣው ስለ ባሕር ኃይሉ ባወጣው ጽሑፍ ምክንያት ፖሊሶች ቢሮውን ሲፈትሹ፣ የሲልቪያ ጸሐፊ የዚያን ጽሑፍ የእጅ ጽሑፍ ለማኬይ ሰጠችው። እርሱም አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተና ደረጃውን ሲወርድ ከመርማሪው ጋር ተገጣጠመ። «አንተስ ምንድን ነህ?» ቢለው «ምንም አይደለሁም፣ ጌታዬ» ብሎ ፈገግ አለ። መርማሪው እየሳቀ አሳለፈው። ማኬይም ወደ ሌላ ሕንፃ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ወረቀቱን ቀዳደደና ውኃ ለቀቀበት። ሲልቪያ ስድስት ወር ተፈረደባት፤ ከተከሰሰችባቸው ጽሑፎች አንዱ ማኬይ በብዕር ስም የጻፈው ነበር።

ስለ ነፃነቱ ለጠቀስኩት ምስክር የሚሆነኝ ደግሞ ሞስኮ ነው። በ1922 በመርከብ ላይ ከሰል እየጨመረ ተጉዞ ሩሲያ ገባና በኅዳር ወር በኮሚኒስት ኢንተርናሽናል (የየአገሩ ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር) አራተኛ ጉባኤ ላይ ንግግር አደረገ። ሕዝቡ በየመንገዱ በፍቅር ተቀብሎት ነበር። በዚያ ሁሉ አቀባበል መካከል ቆሞ፣ የአሜሪካ ሶሻሊስቶችና ኮሚኒስቶች ራሳቸው በጥቁሮች ላይ ካለባቸው ጥላቻ መላቀቅ እንዳለባቸው ተናገረ። በጋባዦቹ ቤት እንዲህ የሚናገር ሰው ብዙ አይገኝም።

ስንኝ ቋጣሪ ጻፈ፦

ይህ አሳማኝ ነው። በስድ ንባቡም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በ1928 የወጣው ልቦለዱ ከጦር ሜዳ ኮብልሎ ወደ ሐርለም ስለተመለሰ ጄክ የተባለ ወዛደር፣ ስለ ጭፈራ ቤቶችና ስለ ባቡር ሠራተኞች ይተርካል። ታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ደብልዩ ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ አንብቦ፣ ከአንዳንዶቹ ገጾች በኋላ ገላዬን መታጠብ አማረኝ ብሎ ጻፈ። የተማሩት ጥቁሮች ነጩ ዓለም እንዲያይላቸው የሚሹትን መልክ ማኬይ አልሣለላቸውም። በ1929 ያሳተመው የማርሴይ ወደብ ልቦለድ ደግሞ ከሴኔጋል፣ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ሥራ አጥ መርከበኞችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያናግራል። ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ፓሪስ የነበሩት እነ ሴንጎር፣ ሴዜርና ዳማስ አነበቡት፤ የጥቁርን ማንነት ያወደሰው የኔግሪቲዩድ ንቅናቄ መሪዎች ብዙ ከቀሰሙባቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። የጃማይካው አነጋገር ቢቀርም፣ ተራው ሰው በራሱ አንደበት የሚናገርበት ጥበብ ወደ ልቦለዶቹ ተሻግሯል ማለት ይቻላል።

የመጻሕፍት ወዳጅ ጻፈ፦

የኢትዮጵያ ነገር ስለተነሣ፣ በአማርኛ እምብዛም ያልተወራለትን ልቦለዱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ማኬይ በ1934 ባዶ እጁን ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሐርለም ኖረ። በጥቅምት 1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ሐርለም ተናወጠች፤ ሰልፍ ተወጣ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ለመዝመት የሚመዘገቡም ተሰለፉ። በ1941 ጽፎ የጨረሰው ልቦለድ ይህንን ወቅት ይዟል። ታሪኩ የሚጀምረው ልጅ ተክላ አላማያ የተባለ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሐርለም ሲደርስ ነው። ፓብሎ ፔይሾታ የተባለ ባለሀብት «እጆች ወደ ኢትዮጵያ» በሚባል ማኅበር ጥቁሮች ራሳቸው የሚመሩትን እርዳታ ያደራጃል፤ መዝሙረ ዳዊትን የሚያውቅ አንባቢ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ማስታወሱ አይቀርም። በአንጻሩ ማክሲም ታሳን የተባለ የኮሚኒስት ወኪል እርዳታውንም መልእክተኛውንም በፓርቲው ሥር ለማድረግ ያሤራል።

ከሴራው በስተጀርባ እውነተኛ ታሪክ አለ። ሶቪየት ኅብረት በአደባባይ ወረራውን እያወገዘች ለኢጣልያ ነዳጅ መሸጧን አላቆመችም ነበር፤ ይህም በብዙ ጥቁር ታጋዮች ዘንድ ጥልቅ ቅሬታ ፈጥሯል። የንጉሠ ነገሥቱም እውነተኛ መልእክተኛ ኒው ዮርክ ነበር። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረውና ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶረቲ ሃድሊን ያገባው ዶክተር መላኩ በያን በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ «ቮይስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ ጋዜጣም ያሳትም ነበር። በ1940 ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። ልጅ ተክላ አላማያ የመላኩ ቅጂ ነው አልልም፤ ነገር ግን ማኬይ የሚኖርበት ሰፈር መላኩ የሠራበት ሰፈር ነበር።

ወለተ ጥበብ ጻፈች፦

ልቦለዱን አንብቤዋለሁ፤ እንደ ኢትዮጵያዊት አንባቢ ቅር ያለኝን ልናገር። ኢትዮጵያ በመጽሐፉ ውስጥ ሩቅ ናት። ማይጨው፣ የመርዝ ጋዙ፣ ገበሬው አርበኛ በወሬ ብቻ ያልፋሉ። መልእክተኛውም ከአገሩ ሰው ይልቅ ሐርለም ልታየው የምትፈልገው መስፍን ይመስለኛል። ማኬይ አገራችንን አይቷት አያውቅምና ይህ አይፈረድበትም። ሆኖም መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ነው ብሎ የሚጀምር አንባቢ እንዳያዝን፣ ስለ ሐርለም መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። በዚያ መልኩ ሲነበብ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሰዎች ለሩቅ ወገናቸው ያላቸው እውነተኛ ፍቅር እንዴት የሌሎች መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል እንዲህ በዝርዝር ያሳየ ሌላ ልቦለድ አላነበብኩም።

የሽሬ መንገደኛ ጻፈ፦

በ1941 ተጽፎ ያለቀ መጽሐፍ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?

የመጻሕፍት ወዳጅ ጻፈ፦

ኢ. ፒ. ዳተን የተባለው አሳታሚ አልቀበልም አለው፤ ከዚያ በኋላ ጠፋ። በ2009 ዣን ክሪስቶፍ ክሉቲዬ የተባለ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ፣ የአሳታሚውን የሳሙኤል ሮዝን ወረቀቶች ሲያደራጅ በታይፕ የተጻፈውን ረቂቅ አገኘው። ከመምህሩ ከብሬንት ሄይስ ኤድዋርድስ ጋር ሆኖ፣ ማክስ ኢስትማን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ጨምሮ ሌሎች ማስረጃዎችን አሰባስቦ የማኬይ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ2017ም ታተመ። የማርሴዩ ሌላ ልቦለዱ ደግሞ በ2020 ወጥቷል። ማኬይ ከሞተ ከሰባ ዓመት በኋላ ሁለት አዳዲስ መጻሕፍት ወጡለት ማለት ነው።

ስንኝ ቋጣሪ ጻፈ፦

ጎሕ ወደ ጀመረው ነገር ልመለስ። ማኬይ በ1942 በጠና ታሞ ሐርለም ውስጥ የካቶሊክ በጎ አድራጊዎች አስታመሙት፤ ከዚያም ወደ ቺካጎ ሄዶ በ1944 ተጠመቀ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱም ሠራተኛ ሆነ። ኢስትማን በዚህ ክፉኛ አዝኖ ሊያስተወው ሞክሮ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለማንም አልገዛም ያለ ሰው በመጨረሻ በሕመምና በድህነት ተገፍቶ እጁን ሰጠ ማለት አይደለምን?

ጎሕ ጻፈ፦

ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሕመሙና ድህነቱ ምንም ድርሻ አልነበራቸውም አልልም። ነገር ግን ከመጠመቁ በፊት፣ በ1943 ገደማ፣ በዚያው በታመመበት ጊዜ የጻፋቸውን ተከታታይ ሶኔቶች ተመልከት። በእነርሱ ውስጥ የነጭ ሊበራሎችን፣ ኮሚኒስቶችንና የጥቁር መሪዎችን እያፈራረቀ ይወቅሳል፤ አንድም ሊያስጠጋው የሚችል ወገን አላስቀረም። እጁን ሊሰጥ የተዘጋጀ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ደግሞም ካቶሊክ ከሆነ በኋላ ለኢስትማን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውሳኔውን ያስረዳል፣ ይከራከርለታል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅበትም። የቀድሞ ወዳጆቹን ሁሉ የሚያስቀይም ምርጫ ነበር፤ እርሱ ግን መረጠው። ግንቦት 22 ቀን 1948 ቺካጎ ውስጥ በልብ ድካም አረፈ፤ አስከሬኑ ወደ ኒው ዮርክ ተወስዶ ኩዊንስ በሚገኘው የካልቫሪ መካነ መቃብር ተቀበረ።

እነዚያ ሶኔቶች በሕይወቱ ሳለ በመጽሐፍ መልክ አልታተሙለትም። ዛሬ በ2004 በወጣው የግጥሞቹ ሙሉ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ፤ የጃማይካዎቹም ግጥሞች በዚያው መጽሐፍ ስላሉ፣ ስንኝ ቋጣሪ ያነሣውን የድምፅ ጉዳይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር ይቻላል። ፈቃደኛ የሆነ ቢኖር ከስኳር ድንቹ ግጥም እንጀምር።